የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ (ሲግሞይድ ቮልቩለስ)፦ ምርመራው

ሲግሞይድ ቮልቩለስ ከፊንጢጣ በላይ ያለው የትልቁ አንጀት ክፍል (ሲግሞይድ) ከሆድ ግድግዳ ጋር በሚያያይዘው ማንጠልጠያ ዙሪያ ዞሮ ሲታነቅ የሚከሰት ድንገተኛ ሕመም ነው። በኢትዮጵያ አንጀትን ከሚዘጉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሆን የሚበረታው በዕድሜ በገፉ ወንዶች ላይ ነው። ሲግሞይዱ ረጅም፣ የማንጠልጠያው ሥር ጠባብ የሆነ ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። አሰር የበዛበት ምግብና የደጋ ኑሮም በአጋላጭነት ይጠቀሳሉ።

ምርመራው የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ከአንኮበር የመጡ አዛውንት «ሆዴ ተነፋ» ቢሉ፣ «አባባ፣ አየርስ ይወጣልዎታል? ከዚህ በፊት እንዲህ አድርጎዎት በራሱ ለቆዎት ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ብዙዎች ስለሚያፍሩ ሳይጠየቁ አይናገሩትም። ሆዳቸው ተወጥሮ፣ ሰገራም አየርም ቆሞ፣ ፊንጢጣቸው ሲመረመር ባዶ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ቀጥሎ የሆድ ራጅ ይነሣል። የተነፋው አንጀት ከዳሌ ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሁለቱ ክንዶቹ ሲገጥሙ መሐላቸው ነጭ መስመር ይታያል። ሐኪሞች ይህን «የቡና ፍሬ ምልክት» ይሉታል። ሲቲ ስካን የተጠማዘዘውን ቦታ ያሳያል፤ ራጁና የታማሚው ሁኔታ ግልጽ ከሆኑ ግን እሱን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

ትኩሳት፣ የሆድ መደንደን ወይም ደም የቀላቀለ ሰገራ ካለ አንጀቱ ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ታማሚው በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ይገባል። እነዚህ ከሌሉ በሲግሞይዶስኮፕ (በፊንጢጣ በሚገባ የአንጀት መመልከቻ) አማካይነት ቱቦ ይገባል፤ አየሩ ሲወጣ ሆዱ ይረግባል፣ የአንጀቱም ግድግዳ በዓይን ይታያል። ሕመሙ ስለሚመላለስ ያ ክፍል በኋላ ተቆርጦ ይወጣል። ቤት ውስጥ ኮሶም ሆነ ሌላ የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት አደገኛ ነው።