የአካባቢ አስተዳደር የቤት ብድር (አየርላንድ)
ባንኮች ብድር ለከለከሏቸው ወይም ቤት መግዣ የማይበቃ ገንዘብ ብቻ ለፈቀዱላቸው ሰዎች የካውንቲና የከተማ ምክር ቤቶች የሚሰጡት ብድር። በ2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን መርሐ ግብር ተክቶ በጥር 2022 ሥራ ላይ ዋለ። አመልካቹ ሁለት አበዳሪዎች በቂ ብድር እንዳልሰጡት ማስረጃ ያቀርባል፤ ሌላ ቦታ በር የሚዘጋው እምቢታ እዚህ የማመልከቻው አካል መሆኑ የመርሐ ግብሩ ዋና ቁም ነገር ነው። ሆኖም የገቢና የቤት ዋጋ ጣሪያ አለ፤ የብድር ታሪክም ይመረመራል፤ ውሳኔው የምክር ቤቱ የብድር ኮሚቴ ነው። ብድሩ ከቤቱ ዋጋ እስከ 90 በመቶ ይሸፍናል። ወለዱ እስከ መጨረሻው ክፍያ አይለወጥም፤ ከደመወዝ ወደ ደመወዝ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ተፋተው በቀድሞ ቤታቸው ላይ ድርሻ የሌላቸውም ማመልከት ይችላሉ።