የሬንጅ ሮቨር ታሪክ እና የሁለተኛው ባለቤት ሂሳብ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ መኪና ልጻፍ። «የታሪክ መምህር ስለ መኪና ምን አገባው?» እንዳትሉኝ። አሮጌ የቅንጦት መኪና ለምን ገንዘብ እንደሚበላ ከመካኒኩ ሌላ ታሪክም ይናገራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝ ተቸግራ ነበር። ብረት እንኳን በኮታ ነበር የሚታደለው። የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ እርሻው ላይ ከጦርነቱ የተረፈች የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ነበርና፣ የራሳችንን ለምን አንሠራም ብሎ ተነሳ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 አምስተርዳም ላይ ለዕይታ ቀረበች። ብረት በመጥፋቱ አካሏ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ባሌስትራዋ ደረቅ፣ ውስጧ ባዶ ነበር፤ ግን ብትበላሽ መፍቻ የያዘ ሰው ሜዳ ላይ ይጠግናታል።

እ.ኤ.አ. በ1970 ሬንጅ ሮቨር መጣ። በባሌስትራ ፋንታ ሞላ፣ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን፣ መብቱ ከአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ የተገዛ 3.5 ሊትር ቪ8 ሞተር ነበረው። ዋጋው 1,998 ፓውንድ። ውስጡ ግን ጭቃ ሲነካው የሚታጠብ ፕላስቲክ ነበር! ከዋና ፈጣሪዎቹ አንዱ ስፔን ኪንግ፣ በእርጅናው ዘመን መኪናው የክብር መታያ እንዲሆን ታስቦ እንዳልተሠራ ተናግሯል።

ገበያው ግን ሌላ ፈለገ። በ1981 አራት በር፣ ቀጥሎ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ ቆዳ ወንበር፣ የእንጨት ጌጥ ተጨመረ። በ1992 ደግሞ በሞላው ፋንታ አየር የተሞላ ላስቲክ የሚሸከመው ሞዴል ወጣ። ኮምፕሬሰር ይነፋዋል፣ ኮምፒውተር ያዘዋል። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ሬንጅ ሮቨርም እንዲሁ የእርሻ አባቱን መጥራት ተወ።

ወጪው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ላስቲክ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ አየር ያፈሳል። ኮምፕሬሰሩ የፈሰሰውን ለመተካት ያለ ዕረፍት ሲነፋ ይቃጠላል። እናም አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ሁለት ዕቃ ታስገዛለች።

ባለቤትነቱም ተቀያየረ። ሮቨርን በ1994 ቢኤምደብሊው ገዛው፤ ላንድሮቨርን በ2000 ፎርድ ወሰደው፤ በ2008 የህንዱ ታታ ተረከበው። ሦስተኛው ትውልድ ሬንጅ ሮቨር በቢኤምደብሊው ዘመን ተነድፎ፣ በፎርድ ዘመን ለገበያ ቀርቦ፣ በታታ ዘመን ነው ምርቱ ያበቃው። የመጀመሪያዎቹ የቢኤምደብሊው ሞተር አላቸው፤ በኋላ የጃጓር ቪ8 ገባላቸው። ከውጭ አንድ የሚመስሉ ሁለት መኪኖች ውስጣቸው ለየቅል ነው። ዕቃ ስትፈልጉ «ሬንጅ ሮቨር» ማለት ብቻ አይበቃም።

ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፦ መኪናው ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል፣ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አብሮት አይወርድም። የመጀመሪያው ባለቤት ለአዲስነቱ ከፈለ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለእርጅናው ይከፍላሉ። አዲስ የመግዛት አቅም ያለው ሰው የሚከፍለውን የጥገና ሂሳብ፣ አቅሙ የሌለው ሰው ይረከበዋል።

እኛ አገር ደግሞ ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አሮጌውም እንደ ሌላው አገር አይረክስም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ 1,000 ዶላር የሚመጣ ዕቃ 57,000 ብር ገደማ የነበረው 100,000 ተሻገረ ማለት ነው። ዕቃው አልተለወጠም፤ የባለቤቱ ደሞዝም አልተለወጠም።

ነዳጁንም አስሉት። 4.4 ሊትር ቪ8 ሞተር በከተማ ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ይጠጣል እንበል። በወር 750 ኪሎ ሜትር ብትነዱ 150 ሊትር ነው። በማደያው ዋጋ አባዙትና ከአንድ መምህር የወር ደሞዝ ጋር አስተያዩት። መልሱን እኔ ባልናገር ይሻላል።

ይህን የጻፍኩት የሰው ምኞት ላይ ለመሳለቅ አይደለም። መኪናው ያምራል፤ እኔም በመንገድ ሲያልፍ ዞር ብዬ አየዋለሁ። ግን እቁብ ደርሷቸው፣ መሬት ሸጠው ወይም አረብ አገር ያለች እህታቸው የላከችውን ብር ሰብስበው አሮጌ የቅንጦት መኪና የሚገዙ ልጆች አሉ። የመኪናው ዋጋ ላይ ሳምንት ሙሉ ይከራከራሉ፤ ስለ ጥገናው ግን አንድም ቀን አይጠይቁም። ድሮ በቅሎ የሚገዛ ሰው እንኳ ገብሷንና ጠባቂዋን አስቦ ነበር።

የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ መካኒክ መኪናውን ኮምፒውተር ላይ ያንብብላችሁ። ሁለተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የአየር ላስቲኩንና የኮምፕሬሰሩን ዋጋ ከሁለት መለዋወጫ ቤት ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ያላችሁን ብር በሙሉ ለሻጩ አትስጡ፤ ለጥገና የሚሆን ካልተረፋችሁ መኪናውን ገና መግዛት አልቻላችሁም ማለት ነው።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ከታች ጻፉልን፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ቸር ሰንብቱ።