የስብሰባ አዘጋጆች ኃላፊነት እና የተሳታፊዎች ተጠያቂነት

በአዋሽ ወይም በሰመራ ከተማ ጉባኤ፣ ዐውደ ጥናት ወይም ሥልጠና የሚያዘጋጅ ግለሰብም ሆነ ተቋም ከአካባቢው፣ ከሌሎች ክልሎችና ከውጭ አገር የሚመጡ እንግዶችን ሊያስተናግድ ይችላል። ከተሳታፊዎች አንዱ ሕግ ቢጥስ ተጠያቂው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አዘጋጁንም ተሳታፊውንም ከችግር ይጠብቃል።

የተሳታፊው ተጠያቂነት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ወንጀል በፈጸመ ማንኛውም ሰው ላይ ተፈጻሚ ነው። በዓለም አቀፍ ሕግ ያለመከሰስ መብት ያላቸው ሰዎች ጉዳይ በተለየ ሁኔታ ይታያል። «በአገሬ የተፈቀደ ነው» ወይም «ሕጉን አላውቅም» ማለት በአንቀጽ 81 መሠረት ከተጠያቂነት አያድንም።

የአዘጋጁ ኃላፊነት

የወንጀል ተጠያቂነት ግላዊ በመሆኑ አዘጋጁ በድርጊቱ እስካልተካፈለ ድረስ ተሳታፊው በፈጸመው ወንጀል አይቀጣም። ሆኖም የራሱን ግዴታዎች መወጣት አለበት። ሠራተኛው በሥራው ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርስም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

ከስብሰባው በፊት ሊከናወኑ የሚገባቸው

1. ስብሰባው ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ከሆነ፣ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ዓላማውን፣ ቦታውንና ጊዜውን ከ48 ሰዓት በፊት ለከተማው ወይም ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ፤

2. የውጭ አገር ተሳታፊዎች ለመጡበት ዓላማ የሚያገለግል ቪዛ እንዲይዙ አስቀድሞ መምከር፤

3. በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠው የመሰብሰብ መብት መሣሪያ ሳይዙ የሚፈጸም መሆኑን በጥሪ ደብዳቤው ላይ መግለጽ። በአፋር ጊሌ መታጠቅ የቆየ ባህል በመሆኑ ጉዳዩን ከአገር ሽማግሌዎች ጋር አስቀድሞ መነጋገር በአዳራሹ በር ላይ አለመግባባት እንዳይፈጠር ይረዳል፤

4. በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በአዳራሽ ውስጥ ትንባሆ ማጨስ የተከለከለ መሆኑን ማሳወቅ፤

5. ከስብሰባው ጋር ጉብኝት ካለ የቅርስና የዱር እንስሳት ሕጎችን ማስረዳት። ድንቅነሽ (ሉሲ) በ1967 ዓ.ም. በተገኘችበት በሐዳርና በአካባቢው ቅሪተ አካልም ሆነ ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያ ለማስታወሻ ብሎ ማንሳት አይፈቀድም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅ አለበት፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።

ጥፋት ሲያጋጥም

አዘጋጁ ድርጊቱ እንዲቆም መጠየቅ፣ የሌሎችን ደኅንነት መጠበቅና ወንጀል ከሆነ ወዲያውኑ ለፖሊስ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ምርመራው የፖሊስ፣ ፍርዱም የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ለተሳታፊዎች የተሰጠውን የጽሑፍ ማሳሰቢያ ቅጂ መያዝ አዘጋጁ ግዴታውን ስለ መወጣቱ ማስረጃ ይሆነዋል።