በገጠር ትምህርት ቤት የወላጅ ዓይን

የገጠር ወላጅ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሲሰድድ የሚያድርበት ሥጋት ሁለት ነው፤ አንደኛው ልጁ ዕውቀት ሳይቀስም ይመለስብኝ ይሆን የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና የሚበረታው እኔ በሌለሁበት ማን ያየዋል የሚለው ነው። ስለ ፊተኛው ብዙ ተብሏል። ኋለኛው ግን የእናቶች የምሽት ወሬ ሆኖ ቀርቷልና፣ ከጥንቱ ንባብ ቤት ጀምሮ የሄደበትን መንገድ መመርመር ይገባል።

በንባብ ቤት ዘመን የኔታ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ተቀምጠው፣ አንዱን ሕፃን ፊደል፣ ሌላውን አቡጊዳ፣ ሦስተኛውን መልእክተ ዮሐንስን፣ ከፍ ያለውን ደግሞ ወንጌልና መዝሙረ ዳዊትን በአንድ ጉባኤ ሲያስተምሩ ይውሉ ነበር። ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያነብ፣ ዝም ያለ ልጅ ወዲያው ይታወቅ ነበር፤ የኔታም ዓይናቸው በእርጅና ቢደክም እንኳ ጆሯቸው የተሳተችውን ፊደል ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ለይታ ታርም ነበር። ዳዊት የደገመው ተማሪ ፊደል ቈጣሪውን ያስጠናል፤ ኪዳን ለማድረስ የመጣው ምእመን፣ ከምንጭ ውኃ ቀድታ የምትመለሰውም እናት፣ በቅጽሩ በር ሲያልፉ የልጃቸውን ድምፅ ይሰማሉ። የዚያን ዘመን ወላጅ ጉባኤውን ለመጐብኘት ፈቃድ መጠየቅ ያላስፈለገው፣ ትምህርቱ በአደባባይ ይሰጥ ስለ ነበረ ነው።

ይህን ስል የጥንቱን ሥርዓት ያለ ነቀፋ ማወደሴ አይደለም፤ ልምጩና አለንጋው ብርቱ ነበሩ፣ ከትምህርት የሚኰበልለውን ልጅ በእግር ብረት ማሰርም በአንዳንድ ዘንድ እንደ ተግሣጽ ይቈጠር ነበር፣ ሴት ልጅም ከዚያ ጉባኤ የምትቀመጠው እጅግ በጥቂቱ ነበር። ይሁን እንጂ የመምህሩ ኑሮ ከአጥቢያው ምእመናን እጅ የተያያዘ በመሆኑ፣ ቅጣቱ ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ አባት ሽማግሌ ልኮ ይወቅሳል፣ ካልሆነለትም ልጁን ወደ ሌላ መምህር ይወስዳል። ቁናውን እህል የሚሰፍረው ወላጅ የመጠየቅ ሥልጣን ነበረው።

የመንግሥት ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ይህ ነገር ተለወጠ። የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲከፈት የገጠሩን ሕዝብ ገና አልነካውም ነበር፤ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ፣ ይልቁንም በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ከተጣለ ወዲህ ግን፣ ዳሱና የቆርቆሮው ክፍል እየራቀ ወደ ገጠሩ ገባ። መምህሩ በደብዳቤ ተመድቦ ከከተማ የሚመጣ፣ ደመወዙንም ከከተማ የሚቀበል እንግዳ ሆነ። ሁለት ክፍል ደርቦ የሚያስተምር አንድ መምህር ደመወዝ ለመቀበል ወይም ስብሰባ ለመዋል የሄደ እንደ ሆነ፣ ሕፃናቱ በክፍል አለቃ እጅ ይቀራሉ፤ እርሱም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኖ ሳለ በሰሌዳው ላይ የረባሾችን ስም እየጻፈ ለመምህሩ መመለሻ ቅጣት ያጠራቅማል። በጥንቱ ጉባኤም ትልቁ ልጅ ትንሹን ይጠብቅ ነበር፤ ነገር ግን የኔታ ከአጠገቡ ነበሩ። እኔ እንደማምነው፣ ወላጁን ያስጨነቀው የመምህሩ ወጣትነት ወይም እንግድነት ሳይሆን ይህ የባዶ ወንበር ነገር ነው። ግብሩን የከፈለው እርሱ ነበር፤ የሚጠይቀውን ሰው ግን አጣ።

የሴት ልጅ ወላጅ ጭንቀት ከዚህ ሁሉ ይከፋ ነበር። መምህር የሌለበት ቀን ልጆቹ ያለ ሰዓታቸው ይለቀቃሉ፤ ጠለፋ በሚፈራበት አገር ሴት ልጅን ባልታሰበ ሰዓት ብቻዋን በመንገድ ማግኘት ለጠላፊ ምቹ ነበርና፣ ብዙ አባቶች ልጃቸውን ከትምህርት ያስቀሩት ዕውቀትን ንቀው አልነበረም።

በ1966 ዓ.ም. ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ጥናት በተሰማ ጊዜ፣ የድኻ ልጅ ትምህርት በአራት ዓመት ሊገታ ነው ብለው ወላጆች ከመምህራን ጋር በተቃውሞ የቆሙት፣ ስለ ልጆቻቸው ሲመከር ከምክሩ ውጭ መሆናቸው ስላስቈጣቸው ጭምር ይመስለኛል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የኅብረተሰቡን ተሳትፎ በይፋ ተቀብሏል፤ የወላጅና መምህር ኅብረትም በየትምህርት ቤቱ አለ። ዳሩ ግን በብዙ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ኅብረቱ የሚጠራው ለአጥር እንጨትና ለክፍል ማሠሪያ መዋጮ ሲፈለግ ነው፤ የሠራውን ክፍል ገብቶ እንዲያይ የሚጋበዝ ወላጅ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ለገጠር ርእሰ መምህራን ልመናዬ አንድ ነው፤ መምህሩ የማይገኝበት ቀን በዋዜማው ለወላጆች ይነገር፣ በዚያም ቀን ከኅብረቱ አንድ እናት ወይም አንድ አባት በተራ እየመጣ ከሕፃናቱ ጋር በክፍሉ ይዋል።