ጊታር ስትቀርጪ የሚገባውን ረብሻ ድምፅ እንዴት ታጠፊዋለሽ?

እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሠርተሽ ማታ ክፍልሽ ገብተሽ ጊታርሽን ስታነሺ ድካሙ ቀለል ይላል አይደል? ችግሩ ኮምፒውተር ላይ ቀርጸሽ መልሰሽ ስታዳምጪው ነው። ከሥር "እምምም" ወይም "ሽሽሽ" የሚል ነገር ይሰማል።

እኔ ጅዳ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ለእህቴ ሠርግ መሄድ ስላልቻልኩ ዘፈን ቀርጬ ላክሁላት። ድንኳን ውስጥ በትልቁ ስፒከር ሲከፍቱት ከእኔ ድምፅ በላይ የተሰማው እምምታው ነበር። ቪዲዮውን ሲልኩልኝ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ በአንድ እየሞከርኩ ያወቅሁትን ነው የምጽፍልሽ።

1. መጀመሪያ ድምፁን ለዪው

ሳትጫወቺ 30 ሰከንድ ቅረጪና በኢርፎን አዳምጪ።

• ወፍራም፣ የማያቋርጥ "እምምም" ከሆነ ከመብራት የመጣ ነው።
• ቀጭን "ሽሽሽ" ከሆነ የድምፅ መቀበያውን መጠን በጣም ከፍ አድርገሻል፣ ወይም ኤሲው (ሙከየፉ) ማይኩ ውስጥ እየገባ ነው።
• "ጥርቅ ጥርቅ" የሚል ከሆነ ገመዱ ወይም ጃኩ ላልቷል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ሥራ በዝቶበታል።
• "ትትት፣ ትትት" ካለ ሞባይልሽ ነው። ከገመዱ አርቂው ወይም በረራ ሞድ ላይ አድርጊው።

ከዚያ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ሁሉንም አንዴ ከነካካሽ የትኛው እንደጠቀመሽ አታውቂም።

2. "እምምም" የሚለው

የጊታሩን የድምፅ ቁልፍ ዜሮ አድርጊው። እምምታው ከጠፋ የሚመጣው ከጊታሩ ነው። ካልጠፋ ከገመዱ ወይም ከኮምፒውተሩ ነው።

ከኮምፒውተሩ ከመሰለሽ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀዪና በባትሪ ቅረጪ። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይኸው ነው። ስፒከርና ላፕቶፕ ከተለያየ ግድግዳ ሶኬት ላይ ከሆኑም ሁለቱንም አንድ ማከፋፈያ ላይ አድርጊያቸው።

ከጊታሩ ከሆነ ከስክሪኑ፣ ከቻርጀሩና ከአምፖሉ ራቂ፣ ቁጭ ብለሽም ቀስ እያልሽ ዙሪ። በአንድ አቅጣጫ ስትሆኚ ድምፁ ይቀንሳል፤ እዚያው ሆነሽ ተጫወቺ።

የሳዑዲ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የኢትዮጵያው 50። ስለዚህ ሀገር ቤት ያለ ሰው "50 ላይ ቁረጪው" ቢልሽ ለዚህ አይሠራም። እዚህ የምትቆርጪው 60ን፣ ቀጥሎም 120ን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቁረጪው የሚልሽን ሰው አትስሚ። እምምታው ሊጠፋ ይችላል፣ ግን ያ እግር ከመብራት አደጋ የሚያድንሽ ነው። የጊታር ክር ብረት ነው፣ እጅሽም እዚያው ላይ ነው። ክሩን ስትነኪ ውርር የሚልሽ ከሆነ ወዲያው ንቀዪና ተዪው።

3. "ሽሽሽ" እና "ጥርቅ ጥርቅ" የሚለው

የጊታር ገመድ በቀጥታ ላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ ላይ ከሰካሽ ድምፁ ቀጭን ይሆናል፣ ሽሽታውም ይበዛል። ትንሽ የዩኤስቢ ድምፅ ማስገቢያ ሣጥን ይሻላል፤ ያገለገለም ይሆናል። ለጊታር የሚባል ቁልፍ ካለው ተጫኚው። ስትጫወቺ ከፍተኛው ድምፅ ከ-12 እስከ -6 መካከል ይድረስ። ዜሮ ከነካ ይሰባበራል፣ በኋላም አይጠገንም።

ለጥርቅታው ገመዱን ቀስ ብለሽ አወዛውዢ። ከጮኸ ገመዱን ቀይሪ። ጅዳ ባሕር ዳር ስለሆነች እርጥበቱ ጃኩን ያዝገዋል፤ ነቅለሽ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። ገመዱ ደህና ከሆነ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ዝጊ፣ ባፈር የሚባለውንም ከፍ አድርጊ።

መካ ያለሽ ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው። ደረቅ አየር እንጨቱን ሲያኮማትረው ክሩ ወደ አንገቱ ይጠጋና "ዝርር" ይላል። ይህን ኮምፒውተር አያስተካክለውም። ጊታሩን ከኤሲው ፊት አንሺና ቦርሳው ውስጥ አኑሪው።

4. ኤሲው፣ አዛኑና ቤቱ

በማይክ የምትቀርጪ ከሆነ ትልቁ ጠላት ኤሲ ነው። የጅዳን ሙቀት ግን ታውቂዋለሽ፤ ዘግተሽ አትቀመጪ። ክፍሉን በደንብ አቀዝቅዢ፣ አንድ ዘፈን እስክትጨርሺ አጥፊ፣ መልሰሽ ክፈቺ። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀዪ። ማይኩን አንገቱና ሆዱ የሚገናኙበት ላይ አዙሪው፣ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል አርቀሽ። ቀዳዳው ፊት ካደረግሽው ድምፁ ይጎረብጣል።

አዛን በቀን አምስት ጊዜ ነው። ሰዓቱን ስልክሽ ላይ እዪና በመሐሉ ቅረጪ። በአዛን ጊዜ መጫወት ለአክብሮትም ጥሩ አይደለም።

ይህን ደግሞ ልብ በዪ። ማዳም ስታወራ ወይም ልጆቹ ሲጮሁ ቀረጻሽ ውስጥ ከገባ ቲክቶክ ላይ አትልቀቂው፤ አጥፊና እንደገና ቅረጪ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ የኢንተርኔት ወንጀል ሕግ ካሜራ ባለው ሞባይል የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 500,000 ሪያል፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። ለዘፈን ብለሽ ችግር ውስጥ አትግቢ።

5. በመጨረሻ ማጽዳት

ኦዳሲቲ የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ነው። ስትቀርጪ መጀመሪያ ላይ አምስት ሰከንድ ዝም በዪ። ከዚያ፦

• ዋናውን ፋይል ቅጂ አስቀሪ።
• ዝም ያልሽበትን ብቻ ምረጪ፣ "ኖይዝ ሪዳክሽን" ክፈቺና "ጌት ኖይዝ ፕሮፋይል" በዪ።
• አሁን ሙሉውን ምረጪ፣ መልሰሽ ክፈቺው፣ ከ6 ጀምረሽ ሞክሪ። ከ12 በላይ ከሄድሽ ድምፅሽ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል።

ማጽዳቱ መጨረሻ የሚመጣው ለዚህ ነው፦ ከምንጩ ያልጠፋ ረብሻ ሲወጣ ጥሩውንም ድምፅ ይዞ ነው የሚወጣው።

የሠርጉ አለፈ። ለእናቴ የቀረጽኩትን ግን ቻርጀሩን ነቅዬ፣ ኤሲውን ለአራት ደቂቃ አጥፍቼ ነው የሠራሁት። ደውላ "ከጎኔ ቁጭ ያልሽ መሰለኝ" አለችኝ። አንቺም ከመላክሽ በፊት በኢርፎን አንዴ አዳምጪው።