ሳይቃጠል በቅጠል፤ የአይሮፕላን የብርጭቆ ብርድ ልብስ ታሪክ

ታሪክ ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የነገሥታት ዜና፥ የጦርነትና የውል ነገር ነው። ይሁን እንጂ ዕቃም የራሱ ታሪክ አለው። አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ ከዓይን ተሰውሮ ስለሚኖር ታሪኩን የሚጠይቅለት ሰው አይገኝም። እኛም ትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ላይ ልንጽፍለት የመረጥነው እንደዚህ ያለውን አንድ የተሰወረ ዕቃ ነው። ይኸውም በአይሮፕላን ግድግዳ ውስጥ የሚደረገው፥ ከብርጭቆ ክር የተሠራው ብርድ ልብስ ነው። ታሪኩን ስንመረምር ያገኘነው የብርጭቆን ነገር ብቻ ሳይሆን፥ ሰው ማስጠንቀቂያን በጊዜው ሳይሰማ ሲቀር የሚከፍለውን ዋጋ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አንድ መንገደኛ በአይሮፕላን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ክንዱን ወደ ግድግዳው ሲያስጠጋ የሚነካው የውስጡን ገበር ነው። ከዚያ ገበር በስተጀርባ የአይሮፕላኑ የውጭ ቆዳ አለ፤ እርሱም በብዙዎቹ አይሮፕላኖች ላይ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ከቆዳው ውጭ፥ በ11 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ፥ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይደርሳል። በውስጥ ግን ሕፃናት ያለ ሹራብ በእናቶቻቸው ጭን ላይ ይተኛሉ። ያንን ቅዝቃዜ ከዚህ ሙቀት የሚለየው ብርድ ልብሱ ነው። አሠራሩ እንደ ስስ ፍራሽ ነው፤ ውስጡ እንደ ጥጥ የለሰለሰ የብርጭቆ ክር፥ ልባሱ ደግሞ በጣም ስስ የሆነ ፕላስቲክ ነው። ይህን ልባስ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የታሪካችን ከባዱ ክፍል በእርሱ ላይ ነውና።

ብርድ ልብሱ የሚከለክለው ብርድን ብቻ አይደለም፤ ጩኸትንም ነው። ይህን ለማስረዳት ከአገራችን ቤት ምሳሌ እንውሰድ። በክረምት ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ በቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚያስተምር መምህር ድምፁ ለተማሪው አይሰማም። በሣር ክዳን ጎጆ ውስጥ ግን ያው ዝናብ በዝግታ ያልፋል። ምክንያቱም ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል፤ ሣሩ ግን በጭራሮቹ መካከል ባሉት ትንንሽ ክፍተቶች ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል። የመጀመሪያዎቹ የብረት አይሮፕላኖች ለመንገደኛው እንደ ቆርቆሮ ቤት ነበሩ። በ1926 መብረር የጀመረው ባለ ሦስት ሞተሩ የፎርድ አይሮፕላን ቆዳው እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተሸበሸበ አሉሚኒየም ስለ ነበረ፥ አሜሪካውያን «የቆርቆሮ ዝይ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለት ነበር። መንገደኞቹም ከጩኸቱ ብዛት የተነሣ ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍኑ ነበር።

ጆሮው የታመመ መንገደኛ ተመልሶ እንደማይመጣ ኩባንያዎቹ ስለ ተረዱ፥ በ1933 የዳግላስ ኩባንያ ዲሲ-1 የተባለውን አይሮፕላን ሲሠራ ስቲቨን ዛንድ የተባለ የድምፅ ሊቅ ጩኸቱን ያጠና ዘንድ ተደረገ። በ1935 የበረረው ስመ ጥሩው ዲሲ-3 የዚህ ሥራ ወራሽ ነው። በዚያን ጊዜ ለድምፅ መከላከያ ከሚያገለግሉት ነገሮች አንዱ ካፖክ የሚባለው፥ ከዛፍ ፍሬ የሚገኘው ጥጥ መሰል ነገር ነበር። ካፖክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ይነዳል። እንደ ጥጥ የቀለለ፥ ነገር ግን እሳት የማይበላው ነገር ከየት ይገኛል? መልሱ የመጣው ማንም ለስላሳነትን ከማይጠብቅበት ነገር፥ ከብርጭቆ ነው።

ብርጭቆን እያቀለጡ ወደ ክር መሳብ አዲስ ነገር አልነበረም። በ1893 በቺካጎ በተደረገው ታላቅ የዓለም ኤግዚቢሽን ኤድዋርድ ሊቢ የተባለው የብርጭቆ ፋብሪካ ባለቤት ከብርጭቆ ክርና ከሐር የተሸመነ ቀሚስ ለሕዝብ አሳይቶ ነበር። ተመልካቹ ተደነቀ፤ ነገር ግን ጨርቁ እንደ ልብ የማይታጠፍ ስለ ነበረ ለዘወትር ልብስ የሚሆን አልነበረም። ክሩንም በብዛትና በርካሽ የሚያወጣ ዘዴ ገና አልተገኘም ነበር።

ዘዴው የተገኘው ከ39 ዓመት በኋላ በድንገት ነው። በ1932 በአሜሪካ በኦሃዮ ክፍለ ሀገር ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ ሁለት የብርጭቆ ጡቦችን በቀለጠ ብርጭቆ ለማያያዝ ይሞክር ነበር። በሥራው መካከል የታመቀ አየር በሚፈሰው የቀለጠ ብርጭቆ ላይ ነፈሰና ብርጭቆውን ወደ እልፍ ስስ ክሮች በተነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ በጣለው ነበር፤ የምርምሩ ኃላፊ ጌምስ ስሌይተር ግን ሲፈልጉት የኖሩት ነገር ይህ መሆኑን ዐወቀ። በ1938 ኦወንስ-ኢሊኖይና ኮርኒንግ የተባሉት ሁለት የብርጭቆ ኩባንያዎች ተባብረው ይህንን ክር የሚያመርት ኦወንስ-ኮርኒንግ ፋይበርግላስ የተባለ ኩባንያ አቋቋሙ። ዛሬ ፋይበርግላስ እያልን የምንጠራው ስም የመጣው ከዚያ ነው።

ይህ ክር ብርድንና ድምፅን እንዴት ሊከለክል ቻለ? ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ ከራሱ ሙቀት እያመነጨ አይደለም፤ በክሮቹ መካከል አየርን ይዞ ስለሚያስቀር ነው። ያልተንቀሳቀሰ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የአይሮፕላኑም ብርድ ልብስ ሥራው ይኸው ነው። ለአይሮፕላን የሚፈተለው የብርጭቆ ክር ውፍረቱ ከአንድ እስከ ሁለት ማይክሮን ያህል ሲሆን፥ ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው፤ የሰው ጠጉር ከዚህ ብዙ አሥር ጊዜ ይወፍራል። የዚህ ዓይነቱ ብርድ ልብስ አንድ ሜትር ኩብ የሚመዝነው ከ6 እስከ 10 ኪሎግራም ያህል ብቻ ነው፤ ያው መጠን ውሃ ግን 1,000 ኪሎግራም ይመዝናል። ስለዚህ ብርድ ልብሱ በአብዛኛው አየር ነው ማለት ይቻላል። ድምፅም የአየር መንቀጥቀጥ ስለ ሆነ፥ በእነዚህ ስስ ክሮች መካከል ለማለፍ ሲታገል በሰበቃ ኃይሉ ይደክማል፤ ወደ ጥቂት ሙቀትም ተለውጦ ይቀራል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ የብርጭቆ ክር በመርከብና በአይሮፕላን ውስጥ በብዛት ገባ። አይሮፕላኖቹም ከፍ እያሉ በሄዱ መጠን አስፈላጊነቱ እየጨመረ ሄደ። በ1940 አየር በውስጡ ታምቆ ከፍ ብሎ የሚበረው የቦይንግ 307 አይሮፕላን የመንገደኛ አገልግሎት ጀመረ፤ በ1952 ኮሜት የተባለው የእንግሊዝ ጄት፥ በ1958 ደግሞ ቦይንግ 707 ተከተሉት። በአገራችንም ለውጡ በ16 ዓመት ውስጥ ታይቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ከጦርነቱ በተረፉ ሲ-47 አይሮፕላኖች ነበር። እነዚህም ለወታደርና ለጭነት የተሠሩ በመሆናቸው መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፥ ጭነቱ በመካከል ታስሮ ይጓዝ ነበር። በ1962 መጨረሻ ግን አየር መንገዱ የቦይንግ 720 ጄቶችን ተረከበ።

አሁን ወደ ልባሱ እንመለስ። የብርጭቆ ክር ራሱ አይነድም። ነገር ግን ያለ ልባስ ሊቀመጥ አይችልም፤ ክሩ ይበታተናል፥ ውሃም ይጠጣል። መንገደኞች ሲተነፍሱ የሚወጣው እርጥበት ወደ ቀዝቃዛው ቆዳ ሲደርስ ጠል ይሆናል፥ በረዶም ይሠራል። ብርድ ልብሱ ከራሰ ሙቀት መከልከሉን ይቀንሳል፥ ክብደቱም ይጨምራል፥ ብረቱንም ለዝገት ያጋልጣል። ስለዚህ በስስ ፕላስቲክ ይጠቀለላል። ለብዙ ዓመታት በአንዳንድ አይሮፕላኖች ላይ የዋለው ልባስ በስሱ አሉሚኒየም የተቀባ ፖሊስተር ነበር። ቀላል፥ ጠንካራና አንጸባራቂ ነበር፤ የእሳቱንም ፈተና አልፎ ነበር።

ፈተናው ምን ይመስል ነበር? ከብርድ ልብሱ የተቆረጠ ቁራጭ ቀጥ ብሎ ይሰቀልና ከሥሩ ትንሽ የጋዝ ነበልባል ለ12 ሰኮንድ ይያዝበታል። ነበልባሉ ሲነሣ ቁራጩ በ15 ሰኮንድ ውስጥ ከጠፋና የተቃጠለው ርዝመት ከ20 ሴንቲሜትር ያህል ካልበለጠ አለፈ ይባላል። ይህ ልባስ ግን በጣም ስስ ስለ ነበረ ነበልባል ሲጠጋው ተኮማትሮ ይሸሻል፤ ስለ ሸሸም አይያያዝም። በአይሮፕላን ጣራ ውስጥ፥ በሽቦና በቧንቧ መካከል ተጣጥፎ ሲገኝ ግን የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ፈተናው የመለሰው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

እውነቱ ቀስ በቀስ መገለጥ ጀመረ። በ1993 በኮፐንሃገን አንድ ኤምዲ-87 አይሮፕላን ካረፈ በኋላ በውስጡ የተነሣው እሳት በልባሱ ላይ ተስፋፋ። በ1995 በቤጂንግ በቆመ ኤምዲ-11 ላይ እንደዚሁ ሆነ፤ የቻይና የሲቪል አቪየሽን ባለሥልጣኖችም ነገሩን በ1996 ለአሜሪካ መንግሥት አስታወቁ። ልባሱ በአልኮል በተነከረ ጥጥ እሳት ሲሞከር መንደዱ ታየ። በ1997 በጥቅምት ወር ፋብሪካው ልባሱ እንዲለወጥ ለአየር መንገዶች ምክር ላከ። ምክር እንጂ ትእዛዝ አልነበረም።

ከ11 ወር በኋላ፥ መስከረም 2 ቀን 1998 ምሽት፥ የስዊስኤር በረራ ቁጥር 111 ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቭ ተነሣ። አይሮፕላኑ ኤምዲ-11 ነበር። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ እንደ በረረ አብራሪዎቹ እንግዳ ሽታ ሸተታቸው፤ ጥቂት ቈይቶም ጭሱ ታየ። ወደ ሃሊፋክስ ለማረፍ አቀኑ። ሽታው ከተሰማ ከ21 ደቂቃ ያህል በኋላ አይሮፕላኑ በካናዳ፥ በኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወደቀ። 215 መንገደኞችና 14 የበረራ ሠራተኞች፥ በጠቅላላው 229 ሰዎች ሞቱ።

የካናዳ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ከባሕር ሥር የወጣውን ስብርባሪ እየገጣጠመ ከአራት ዓመት በላይ መረመረ። በ2003 ባወጣው ዘገባ እሳቱ የጀመረው ከአብራሪዎቹ ክፍል ጣራ በላይ መሆኑን፥ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የወጣ ብልጭታም የብርድ ልብሱን ልባስ ሳያያይዝ እንዳልቀረ ገለጸ። ለእሳቱ ዋና ማገዶ የሆነውም ይኸው ልባስ ነበር። ለመጠበቅ የተደረገው ነገር እሳትን ከቦታ ወደ ቦታ ተሸከመ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በምክር አልቀረም። በ2000 የአሜሪካ የፌዴራል አቪየሽን አስተዳደር ወደ 700 በሚሆኑ አይሮፕላኖች ላይ ልባሱ በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲነሣ አዘዘ። በ2003 ደግሞ አዲስ የፈተና ሕግ አወጣ። አዲሱ ፈተና ብርድ ልብሱን ከነልባሱ በኃይለኛ ሙቀት ሥር አስተኝቶ ነበልባሉ በላዩ ላይ ይስፋፋ እንደ ሆነ ይመለከታል። ሕጉ ሌላም አሮጌ ሐዘን አስታውሷል። በ1985 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር አንድ ቦይንግ 737 ሊነሣ ሲል ሞተሩ ፈንድቶ የነዳጅ ታንኩን በስቶ፥ የነዳጁ እሳት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ቆዳውን ዘልቆ ገብቶ 55 ሰዎች ሞተው ነበር። ስለዚህ 20 ወይም ከዚያ በላይ መንገደኛ በሚይዙ አዳዲስ አይሮፕላኖች ላይ፥ በታችኛው ግማሽ ያለው ብርድ ልብስ የውጭውን እሳት ቢያንስ ለ4 ደቂቃ እንዲያግድ ታዘዘ። አራት ደቂቃ ለመቀመጥ አጭር ጊዜ ነው፤ ከሚነድ አይሮፕላን ለመውጣት ግን ረጅም ነው።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ትንሽ እሳት በቅጠል ይጠፋል፤ ከገፋ በኋላ ግን ወንዝም አይበቃውም። የኮፐንሃገንና የቤጂንግ እሳቶች ማንንም ሳይገድሉ የመጡ መልእክተኞች ነበሩ። መልእክታቸው ተሰምቶ ነበር፤ ነገር ግን በምክር ደብዳቤና በትእዛዝ መካከል ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ፤ በእነዚያም ዓመታት ውስጥ 229 ነፍስ ጠፋ።

ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ፥ የአይሮፕላን ጠጋኝ፥ ወይም ሕግ አውጪ የሚሆኑ ይኖራሉ። እንግዲህ አንድ ዕቃ ፈተናውን አለፈ ሲባሉ፥ ፈተናው ዕቃው በሚውልበት ቦታና አኳኋን የተደረገ መሆኑን ይጠይቁ። ትንሽ አደጋ ሲሰሙም ሰው አልሞተም ብለው መዝገቡን አይዝጉ። ወላጆቻችንና መምህሮቻችንም በአይሮፕላን በሚጓዙበት ጊዜ፥ ጸጥታውና ሙቀቱ ያለ ዋጋ የተገኘ እንዳልሆነ ያስታውሱልን።