ዘሩን ማን መረጠው?

የሀገራችን አርሶ አደር ዘር መምረጥ የጀመረው የምርምር ጣቢያ ከመቋቋሙ ከብዙ ዘመናት በፊት ነው። ዛላው የሞላውን ለይቶ ለዘር ያስቀምጣል፤ ከጎረቤቱ ጋር ይለዋወጣል፤ ጎጆ ለሚወጣ ልጁም ያካፍላል። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ የስንዴና የገብስ ዘር ሲሰበስብ ያገኘው የዝርያ ብዛት በዚህ መንገድ የተገኘ የብዙ ሰው ሥራ ነበር።

ይህ ሀብት ግን በድርቅና በአዳዲስ ዝርያዎች መስፋፋት ምክንያት መመናመን ጀመረ። የተራበ ቤተሰብ ለዘር ያኖረውን መብላቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በአዲስ አበባ የጀን ባንክ ተቋቋመ። ባንኩን ለረጅም ጊዜ የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በአርሶ አደሩ ማሳ ላይም መኖር እንዳለበት አጥብቀው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል።

ያም ሆኖ የምርምሩ አሠራር በአብዛኛው ጣቢያው የሚመርጥበት፣ አርሶ አደሩም የሚቀበልበት ሆኖ ቆየ። ጣቢያው በተለይ በሄክታር የሚገኘውን ምርት ይመለከታል። አርሶ አደሩ ግን የገለባውንም ነገር፣ ዝናቡ ቀድሞ ቢቋረጥ ሰብሉ መድረስ አለመድረሱንም ያስባል። ይህን ከግምት ሳያስገቡ የተለቀቀ ዝርያ በመጋዘን ቢከማች አያስገርምም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ነገሩ ተገልብጦ ተሞከረ። በሰሜን ወሎ ገረገራና በትግራይ ሀገረ ሰላም 400 ዓይነት ስንዴ ተዘራ። አብዛኛው ቀደም ሲል ከአርሶ አደሩ ተሰብስቦ በጀን ባንክ የቆየ ዱረም ስንዴ ነበር። በየቦታው 30፣ በድምሩ 60 ሴትና ወንድ አርሶ አደሮች ከመደብ መደብ እየተዘዋወሩ ቶሎ መድረሱን፣ ዛላውን፣ ከአንድ ዘር የሚያወጣውን አገዳ ብዛትና ጠቅላላ ሁኔታውን እየመዘኑ ነጥብ ሰጡ። ከዚህ የተገኘው መረጃ 192,000 ደረሰ። ተመራማሪዎች ይህን ራሳቸው ከለኩት ጋር ሲያስተያዩት የአርሶ አደሩ ዓይን የዘፈቀደ አለመሆኑን አረጋገጡ፤ አንዳንድ ነባር ዝርያዎችም ከተሻሻሉት በልጠው ተገኙ። ከመካከላቸው ሁለቱ «ወሃቢት» እና «ርግኣት» ተብለው እ.ኤ.አ. በ2017 በይፋ ተለቀቁ።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ሙከራውን ከጣቢያ አውጥቶ ወደየደጃፉ ወሰደው። አንድ አርሶ አደር ስማቸው ያልተገለጸ የሦስት ዝርያዎች ጥቂት ጥቂት ዘር ይሰጠዋል። በገዛ ማሳው ይዘራና የትኛው እንደበለጠ፣ የትኛው እንዳነሰ ብቻ ይናገራል። የአንዱ መልስ ብቻውን ብዙም አያስረዳም። የብዙዎቹ ሲደመርና ከየአካባቢው የአየር ጠባይ ጋር ሲገናዘብ ግን የትኛው ዘር ለየትኛው ቀበሌ እንደሚስማማ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት በኢትዮጵያ 1,090፣ ከኒካራጓና ከህንድ ጋር 12,409 የአርሶ አደር ማሳዎችን ያካተተ ነበር። ይህን ያህል ማሳ በራሱ አቅም የሚያርስ የምርምር ጣቢያ የለም።

በጋራ የዳበረ ሀብት የአንድ ወገን ንብረት ተብሎ ሊታጠር መቻሉ ደግሞ በጤፍ ታይቷል። በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጥቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለውም ሲል በሆላንድ ውድቅ አድርጎታል። የተካሰሱት ሁለት የሆላንድ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ጤፉን ለዘመናት ሲመርጥ የኖረው አርሶ አደር በችሎቱ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረም።